የመምህሩ ትዕይንት የት ገባ?

ሰሞኑን ቴሌግራሜ በአንድ ጥያቄ ተጨናንቋል። «ቲቸር፣ የስሪ ቦዲ ፕሮብለም ሁለተኛው ሲዝን መቼ ነው የሚለቀቀው?» ኔትፍሊክስን ጠይቁ እንጂ እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ! ግን እስኪወጣ ድረስ፣ ስለ አንደኛው ሲዝን መጀመሪያ ትንሽ ልበላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ቶሎ ጠፈሩ ጋ ለመድረስ ዘላችሁታል አሉ።

ፊልሙ የሚጀምረው በጠፈር መርከብ አይደለም። ቤጂንግ ውስጥ፣ በባህል አብዮቱ ዘመን፣ አንድ የፊዚክስ መምህር ሕዝብ ፊት ቆሟል። ከጥፋቶቹ አንዱ የአንስታይንን ሪላቲቪቲ ማስተማሩ ነው። የገዛ ሚስቱ ትመሰክርበታለች። ተማሪዎች ደብድበው ይገድሉታል። ሴት ልጁ ሕዝቡ መሐል ሆና ታያለች። ኋላ ከሌላ ዓለም መልእክት ሲመጣ «ኑ» ብላ የምትመልሰውም እሷው ናት። ይቺን ትዕይንት ካወጣችኋት ልጅቷ እብድ ትመስላለች። ካለች ግን ልጅቷን ባትወዷትም ትረዷታላችሁ። (የቀይ ሽብርን ዘመን ያዩ ወላጆች ያሏችሁ፣ አብራችኋቸው ብታዩት ብዙ ትሰማላችሁ።)

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ደራሲው ሊዩ ሲሺን ይባላል። ሻንሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። እንደኛ አዶላ ከዋና ከተማ ርቆ ነው የጻፈው፤ ያውም በገዛ ቋንቋው። መጽሐፉ በ2008 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ሲታተም ያ የመምህሩ ትዕይንት ከመጀመሪያው ተነስቶ መሐል ላይ ተሸጎጠ። ምክንያቱ የሳንሱር ስጋት ነው። በ2014 በእንግሊዝኛ ሲተረጎም፣ ደራሲው ፈቅዶ፣ ወደ ፊት ተመለሰ። ኔትፍሊክስም በ2024 ከዚያው ጀመረ። አንድ ታሪክ፣ አንድ ደራሲ፤ መምህሩ ግን እንደ አገሩ አንዴ ፊት፣ አንዴ መሐል ይቀመጣል።

እኛስ ጋ? ሳይንስ ፊክሽን የለንም ትሉኛላችሁ። እስቲ አቤ ጉበኛን አስቡ። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። ገና ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ፣ እዚህ አገር አልወለድም ብሎ ከእናቱ ጋር ይሟገታል። ለእኔ ይሄ ከየትኛውም የጠፈር ሰው አያንስም። መንግሥት ግን ልጁ ስለ ማን እንደሚያወራ ወዲያው ገባው፤ መጽሐፉ ታገደ። አቤ ራሱም በኋላ ወደ ጎሬ በግዞት ተላከ።

ከዚያ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተመልከቱ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ወጣ፤ በደርግ ጊዜ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ አገሬው ሥራ አቁሞ ሰማው። በ2017 ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ መጣ። ከመጽሐፍ እስከ ቴሌቪዥን 59 ዓመት! ድንቅ መጽሐፍ ነው፣ ይገባዋል። ነገር ግን በሬዲዮ ሲተረክ የሚወቅሰው የመሳፍንትና የመኳንንት ሥርዓት ወድቆ ነበር፤ ደርግን የሚያስከፋው ነገር አልነበረም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ሲያወጣ ግን የጻፈው ስለዚያው ስለ ሚገዛው መንግሥት ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ስለዚህ ሁለተኛው ሲዝን ሲመጣ መብራት ከኖረ አብረን እናያለን፤ የመጀመሪያውን ግን ሳትዘሉ ድገሙት። ሌላው፣ ክብረ መንግሥትም ሆነ ነገሌ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ የ«አልወለድም» አሮጌ ቅጂ ካለ አውሱኝ። አሥራ አንደኛ ክፍሎች ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ይዘውኛል። ሽፋኑ የተቀደደም ቢሆን ችግር የለውም፣ በደህና እመልሳለሁ።