አያትን በአሮጌ ጋዜጣ መፈለግ

በቤታችን ስለ እናቴ አባት የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ አያቴ ከአጀቡ መካከል ነበሩ፤ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሐይፋ ወርደዋል፣ ኢየሩሳሌምም ገብተዋል ይባላል። ይህን በሰርግም በለቅሶም እየሰማሁ አድጌያለሁ። አንድም ቀን ግን ማስረጃው ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የጠየቀችኝ አሜሪካ የተወለደችው የእህቴ ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት በስልክ “ጋሼ፣ ይሄ ነገር የት ተጽፏል?” አለችኝ። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ጥያቄው ትንሽ አሳፈረኝ፤ ፍለጋውንም በዚያው ሰሞን ጀመርኩ።

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በፍለጋው የተማርኩትን ዘዴ ለአንባቢ ለማካፈል ነው። ያልፈለግሁትን እንዴት እንዳገኘሁም መጨረሻ ላይ መናገሬ አይቀርም።

ለምን ጋዜጣ?

በሌላው አገር የቤተሰቡን ታሪክ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ነው። እኛ ዘንድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፣ እዚያው በቁጥር 3361 ላይ ተፈጻሚነቱን አቆይቶታል። ጉዳዩ አዋጅ ቁጥር 760/2004ን ጠበቀ፤ አገር አቀፍ ምዝገባውም የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የአብዛኞቻችን አያቶች በመንግሥት መዝገብ አልተወለዱም፣ በመንግሥት መዝገብም አልሞቱም። የቀረልን የሽማግሌ ቃል፣ አልፎ አልፎ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤትና የመሥሪያ ቤት ፋይል፣ እንዲሁም ጋዜጣ ነው።

የት ይፈለጋል?

በኢንተርኔት በነጻ የሚነበቡ ትልልቅ የጋዜጣ ክምችቶች አሉ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት “ትሮቭ”፣ የኒውዚላንዱ “ፔፐርስ ፓስት”፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት “ክሮኒክሊንግ አሜሪካ” እና የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት “ጋሊካ” ዋነኞቹ ናቸው። የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጁት ክምችት ውስጥ ደግሞ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ውስጥ ይታተም የነበረው “ፓለስታይን ፖስት” ይገኛል። “ብሪቲሽ ኒውስፔፐር አርካይቭ” እጅግ ሰፊ ነው፤ ገጹን ለማንበብ ግን ክፍያ አለው።

ገንዘብ ለመቆጠብ አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጋዜጦች ከለንደን በቴሌግራም የሚላክላቸውን ዜና ያትሙ ነበር። ስለ አድዋ ድል፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ስላደረጉት የአውሮፓ ጉብኝት ወይም ስለ ጣሊያን ወረራ የእንግሊዝ ጋዜጦች የጻፉትን ብዙውን ነገር በእነዚህ ነጻ ክምችቶች ማግኘት ይቻላል።

ስሙ እንዴት ተጻፈ?

የኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጅ ስም ከአባት ስም ጋር ብቻ ነው። አንድ ሰው ደግሞ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ ካለውም የፈረስ ስም ይኖረዋል። በዚህ ላይ የውጭ ጋዜጠኛ የሰማውን በራሱ ቋንቋ ልማድ ይጽፋል። “መንገሻ” የሚለውን ስም ብንወስድ፣ የ“ሻ”ን ድምፅ እንግሊዙ በ“ኤስ ኤች”፣ ፈረንሳዩ በ“ሲ ኤች”፣ ጣሊያኑ በ“ኤስ ሲ አይ” ይጽፈዋል። “ጉግሳ” በፈረንሳይኛ “ኦ” እና “ዩ” ፊደሎች ይጨመሩበታል። “ኃይሉ” አንዳንዴ የመጀመሪያ ፊደሉን ያጣል። ስለዚህ ከመፈለጋችሁ በፊት የምትፈልጉትን ስም አምስት ስድስት ዓይነት አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ስሙ ካልተገኘ ማዕረጉን፣ ቦታውንና ቀኑን ፈልጉ። አገሪቱ በቀድሞ ጋዜጦች አብዛኛውን ጊዜ “አቢሲኒያ” እንጂ “ኢትዮጵያ” እንዳልተባለች አትዘንጉ። ቀኑን ስትመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት 8 ጨምሩ። ሰነድ ስመረምር ካየኋቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህች ከአንድ ዓመት ልዩነት የመጡ ናቸው።

ሌላው፣ ፍለጋው የሚካሄደው ኮምፒዩተር ከገጹ ፎቶግራፍ ላይ ባነበበው ጽሑፍ ነው። ቀለሙ የፈዘዘ ወይም የተጣበቀ ፊደል በስህተት ይነበባል። “አልተገኘም” የሚል መልስ ሲመጣ “የለም” ማለት አይደለም። ቀኑን የምታውቁ ከሆነ የዚያን ቀን ጋዜጣ ገጽ በገጽ ገልጣችሁ በዓይናችሁ አንብቡ።

ያገኘኸውን መመዘን

ጋዜጣ ምስክር ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። አንድ ቴሌግራም በአርባ ጋዜጣ ላይ ቢታተም አርባ ምስክር አይሆንም፤ ያው አንድ ምስክር ነው። ዘጋቢው ቦታው ላይ ነበር ወይስ የስሚ ስሚ ነው የጻፈው? ዜናው የታተመው በስንት ቀኑ ነው? ከሌላ ወገን የመጣ ማረጋገጫ አለው? እነዚህን ሳይጠይቁ የዘር ሐረግ መሣል አደጋ አለው።

እኔም የሚያዝያንና የግንቦት 1928ን ጋዜጦች በዚህ መንገድ አነበብኩ። ንጉሠ ነገሥቱ፣ እቴጌይቱ፣ ልጆቻቸውና ታላላቅ መኳንንቱ በስማቸው ተጠቅሰዋል። የቀረው ሰው ግን “አጀብ” እና “አገልጋዮች” ነው። ጋዜጣ ጌታውን በስሙ ይጠራል፣ አሽከሩን ይቆጥራል፤ አንዳንዴም አይቆጥረውም። አያቴ ከነዚያ ስም የለሾች መካከል ሊኖሩ ይችላሉ፤ ላይኖሩም ይችላሉ።

የአገር ቤቱ ጋዜጣ

ለተራው ሰው ስም ተስፋ ያለው በኛው ጋዜጣ ነው። “ብርሃንና ሰላም” ከ1917 ዓ.ም.፣ “አዲስ ዘመን” ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትመዋል። ነገር ግን በኢንተርኔት በቃል እየተፈለገ የሚነበብ የአማርኛ ጋዜጣ ክምችት ከላይ ከጠቀስኳቸው ጋር አይወዳደርም። ቢኖርም “ሀ”፣ “ሐ” እና “ኀ”ን፣ “ሰ” እና “ሠ”ን፣ “አ” እና “ዐ”ን፣ “ጸ” እና “ፀ”ን እየለዋወጡ መሞከር ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ መንገዱ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዶ ጥራዝ መግለጥ ነው።

ጥራዙን ስትገልጡ የፊት ገጹን ትታችሁ ማስታወቂያውን አንብቡ። የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የውርስ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ የሐዘን መግለጫ ሁሉ እዚያ ነው። የሞት ቀን የምታውቁ ከሆነ ከዚያ ቀን ጀምራችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት ወደፊት ሂዱ፤ የውርስ ጉዳይ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው የሚነሳው።

አያቴ ያረፉት በግንቦት 1959 ነው። በጥቅምት 1960 ዓ.ም. አንድ ትንሽ ማስታወቂያ ላይ ስማቸውን ከነአባታቸው አገኘሁት። የሟችን የጡረታ ገንዘብ ለመቀበል ልጆቻቸው ወራሽነታቸው እንዲረጋገጥ ስላመለከቱ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ይላል። የልጆቹ ስም በተርታ ተዘርዝሯል። ሁለቱ አጎቶቼ አሉ፣ እናቴ አለች። አራተኛ ላይ ሰምቼው የማላውቀው የሴት ስም አለ።

የደነገጥኩት አዲስ አክስት በማግኘቴ ብቻ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ካረፉ በኋላ ለቤቱ የወራሽነት ማስረጃ ሲጠየቅ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። “ሟች ከነዚህ ከሦስቱ በቀር ሌላ ተወላጅ የላቸውም” የሚለው ዓረፍተ ነገር የኔ እጅ ነው። ፍርድ ቤቱም አምኖ ተቀብሎታል።

እናቴን ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና “እሷን ደግሞ ማን ነገረህ?” አለችኝ።

“ጋዜጣ፣ እማዬ” አልኳት።

“ከሌላ የወለዷት ናት። ባሏን ተከትላ ክፍለ ሀገር ሄደች፣ ወሬዋም ጠፋ። ቤቱ ሲመጣ ማን ይፈልጋት? አንተም እኮ አልጠየቅኸኝም።”

እውነቷን ነው፤ አልጠየቅኋትም። የሕጉን መልስ አውቀዋለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት የወራሽነት ክስ፣ ስለ ቤተሰብ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከተጠበቀው በቀር፣ በ15 ዓመት ይታገዳል። ጠበቃ ቢጠየቅ “ጊዜው አልፏል፣ ዝም በሉ” ሊል ይችላል። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ያ ዓረፍተ ነገር በይርጋ አይታገድም።

በዘመድ ዘመድ ስንጠያይቅ አክስቴ ማረፏን ሰማን። ሁለት ልጆቿን አገኘናቸው፤ አንደኛው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከኛ ሰፈር በታክሲ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ይኖራል። እናቴ ቡና አፍልታ ተቀበለቻቸው። ስለ ቤቱ ንግግር ተጀምሯል፤ በሽማግሌ ይዘነዋል፣ ገና አላለቀም።

በዚያ ቡና ላይ ታላቅየው ስለ አያታችን ኢየሩሳሌም መሄድ አወራን፤ ባቡሩን፣ መርከቡን፣ ሐይፋን፣ ልክ እኛ ቤት እንደሚወራው አድርጎ። ለእህቴ ልጅ ደውዬ ነገርኳት። “በቃ ተረጋገጠ!” ብላ ተደሰተች። “አልተረጋገጠም” አልኳት፤ ሁለቱም ቤት የሰማው ከአንድ ሰው፣ ከራሳቸው ከአያቴ አፍ ነው፤ ስለዚህ አንድ ምስክር ነው። ፍለጋው ይቀጥላል።

አንባቢ ሆይ፣ የእናንተም አያት በአንድ ጥራዝ ውስጥ ተቀምጠው ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። በተለይ “ሌላስ ልጅ ነበራቸው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።