ሰመመን

ሰመመን፦ በተለመደው አነጋገር በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለ ድንዛዜ ነው። በሆስፒታል ደግሞ ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠው የማደንዘዝ ሕክምና ስም ሆኗል፤ ባለሙያውም ሰመመን ሰጪ ይባላል።

ከመርሳ ወይም ከሀብሩ ገጠር ወልድያ መጥታ በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት ብዙውን ጊዜ ወገቧ ላይ ትወጋለች። ከወገቧ በታች ይደነዝዛል፤ የልጇን ለቅሶ ግን ነቅታ ትሰማለች። መርፌው የደም ግፊቷን ሊያወርድ ስለሚችል ሰመመን ሰጪው ዓይኑን ከመለኪያው አይነቅልም። ታካሚውን በሚያስተኛው ሙሉ ሰመመንም ኬታሚን የተባለው መድኃኒት የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ሃሎቴን የተባለው ጋዝ የልብን ጉልበት ይቀንሳል።

ሰመመን ልብን ሊጠብቅም ይችል እንደሆነ ተጠይቋል። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የውሻ ልብ ደም አራት ጊዜ ለ5 ለ5 ደቂቃ ከተቋረጠበት በኋላ ቀጥሎ የሚመጣን ረጅም መቋረጥ በተሻለ እንደሚቋቋም አሳዩ። አይሶፍሉሬን የተባለው የሰመመን ጋዝም በላቦራቶሪ ተመሳሳይ ጥበቃ ሰጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ 5400 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ግን የሰመመን ጋዝ በተሰጣቸውና በደም ሥር ብቻ ሰመመን በተሰጣቸው መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የጎላ የሞት ልዩነት አላገኘም።

ስለዚህ የልብ ጥበቃ ከጋዙ ይልቅ ከጥያቄ ይጀምራል። ሰመመን ሰጪው «ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ሲልዎ ሳይደብቁ ይንገሩት። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ልቡ የተጎዳ ወጣት ብዙ ነውና።