«ስንተኛ ወጣ?» ከማለት በፊት «ምን ቻለ?»

የትምህርት ቤት ካርድ በተሰጠ ቁጥር በአብዛኛው ቤት የሚጠየቀው «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው፡፡ ሦስተኛ የወጣ ይሸለማል፣ ሠላሳኛ የወጣ ይገሰጻል፡፡ ሆኖም ደረጃ የሚነግረን ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ አንፃር የት እንደቆመ ብቻ ነው፡፡ ማንም በቅጡ በማያነብበት ክፍል ውስጥም አንደኛ የሚወጣ ተማሪ አይጠፋም፡፡

በትምህርት ምዘና ሁለት ዓይነት ሚዛን አለ፡፡ አንዱ ልጅን ከልጅ ጋር ያነፃፅራል፡፡ ሁለተኛው ልጁን በክፍሉ ሊያውቀው ከሚገባው ነገር ጋር ያስተያያል፡፡ ሥርዓተ ትምህርቱ ለእያንዳንዱ ክፍል «ዝቅተኛ የመማር ብቃት» ብሎ የሚያስቀምጠው ለዚህ ለሁለተኛው ሚዛን ነው፡፡ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ሕፃን ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪዎች በተከታታይ ምዘና እንዲመዘኑ ይደነግግ ነበር፡፡ ከአንድ እርከን ወደሚቀጥለው ለመዛወርም ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣትን ይጠይቅ ነበር፡፡ በአፈጻጸም ግን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት ሳይወድቁ እንዲያልፉ ተደርጓል፡፡ ምክንያቱ በቂ ነው፤ ክፍል መድገም ሕፃኑን ከትምህርት ገበታ ሊያርቀው ይችላልና፡፡ ነገር ግን ይህ አሠራር ግዴታ ያዘለ ነበር፡፡ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በየጊዜው እየመዘነ ክፍተቱን እንዲሞላለት ይጠበቅ ነበር፡፡ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ተከታታይ ምዘናው ወደ ተደጋጋሚ ፈተና ሲወርድ፣ ማለፉ ብቻ ቀረ፡፡ በሕግ ቋንቋ መብቱ ተሰጥቶ ግዴታው ሳይፈጸም ቀረ ማለት ነው፡፡

ውጤቱን ያሳየን አገር አቀፍ የትምህርት ቅበላ ጥናት ነው፡፡ ይህ ጥናት እንደ ፈተና ማንንም አያሳልፍም፣ አይጥልምም፡፡ ከመላ አገሪቱ በናሙና የተመረጡ ተማሪዎችን በመመዘን የሥርዓቱን ጤንነት ይለካል፡፡ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በአካባቢ ሳይንስ ተመዝነው ያገኙት አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9 በመቶ፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5 በመቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ 40.9 በመቶ ነበር፡፡ በሦስቱም ጊዜያት አማካዩ ፖሊሲው ካስቀመጠው 50 በመቶ በታች ነው፡፡

በ2002 ዓ.ም. የተካሄደውና ኢግራ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው የንባብ ምዘና ደግሞ ወደ ሥሩ ወረደ፡፡ በስድስት ቋንቋዎች የሚማሩ 13 ሺሕ ያህል የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ በአንድ ከመዛኝ ፊት ተቀመጡ፡፡ በአንድ ደቂቃ ስንት ፊደል እንደሚለዩና ከአጭር ታሪክ ስንት ቃል በትክክል እንደሚያነቡ ተቆጠረ፤ ያነበቡት ስለመግባቱም ተጠየቁ፡፡ ትርጉም የሌላቸው ቃላትም ቀርበውላቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ቃል በቃሉ ያጠና ሊኖር አይችልምና፡፡ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከታሪኩ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፡፡

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ በደቂቃ የሚነበብ የቃል ብዛት ከቋንቋ ቋንቋ ሊነፃፀር አይችልም፡፡ «አልመጣንም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት ቃላት ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ የውጭ መለኪያ እንዳለ ተገልብጦ ለአማርኛ አንባቢ ሕፃን ሊሰጥ አይገባም፡፡

አፍ ላይ ያለን ነገር ዓይን ከሚያውቀው መለየት ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም፡፡ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ተማሪው ሀሁን በዜማ ስለወረደ ብቻ ወደ ንባብ አያሻግረውም፡፡ አቡጊዳን ያስቆጥረዋል፡፡ የፊደሉ ተራ ሲዘበራረቅ፣ በቃሉ ይዞ የነበረውና ፊደሉን በእርግጥ የለየው ይታወቃሉ፡፡ አንዱ ልጅ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይሻገራል፤ የሚሻገረው ግን ስለቻለ ነው፡፡

ወላጅም ይህንኑ በቤቱ ሊያደርግ ይችላል፡፡ ልጁን ከመማሪያ መጽሐፉ ሳይሆን አይቶት ከማያውቀው ጽሑፍ ጥቂት መስመር ያስነብበው፡፡ ከዚያም «ምን ይላል?» ብሎ በራሱ አንደበት እንዲነግረው ይጠይቀው፡፡ በሒሳብም ከመልሱ ይልቅ እንዴት እንደደረሰበት ያስረዳው፡፡ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ለመምህሩ የሚያቀርበው ጥያቄ «ልጄ በዚህ ክፍል ሊችለው ከሚገባው የትኛውን ገና አልቻለም? ምንስ እየተደረገለት ነው?» የሚል ይሁን፡፡

በ2015 ዓ.ም. የፀደቀው አዲሱ ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ስድስት ዓመት አድርጎታል፤ በ6ኛ ክፍል ማብቂያም ክልላዊ ፈተና አለ፡፡ ፈተናው ተገቢ ሊሆን ይችላል፡፡ ነገር ግን በ2ኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ሕፃን ችግሩ በ6ኛ ክፍል ቢታወቅ አራት ዓመት ባክኗል፡፡ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ዘግይቶ የመጣ ምዘናም ለዚያ ልጅ የሚፈይደው ጥቂት ነው፡፡