ፍሌር፣ ፍንዳታና የፀሐይ ኮሮና

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ «ኮሮና» ሲባል ሁሉም የሚያስበው በሽታውን ነው። ቫይረሱ ግን ስሙን የተዋሰው ከፀሐይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ስም ያወጡለት ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ያዩት ዘርፋማ ጠርዝ የፀሐይን ኮሮና አስታወሳቸው። የፀሐዩ ስም ደግሞ ከላቲን የመጣ ነው፤ እዚያ አክሊል፣ በራስ ላይ የሚደፋ ጉንጉን ማለት ነው። ስፔናዊው ሆሴ ሆአኪን ዴ ፌሬር በ1806 ኒው ዮርክ ውስጥ ሙሉ ግርዶሽ ሲመለከት በጨረቃ ዙሪያ ላየው ነጭ ብርሃን ይህን ቃል ተጠቀመ። «ግርዶሽ» ራሱ «ጋረደ» ከሚለው ግስ የወጣ የ«መጋረጃ» ዘመድ ነው። ኮሮናም ፀሐይ እስክትጋረድለት አይታይም።

የእንግሊዝኛው «ፍሌር» በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፀጉር መበተን ነበር፤ ወደ ብርሃን የተሻገረው በኋላ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሪቻርድ ካሪንግተን ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 የፀሐይን ጥቁር ነጥቦች በወረቀት ሲነድፍ፣ ከነጥቦቹ በላይ ሁለት ነጫጭ ብርሃኖች ድንገት ቦግ ብለው በደቂቃዎች ውስጥ ጠፉ። ዛሬ ፍሌር የምንለው ይህ ነው፤ እሱ ግን ስም አላወጣለትም፤ በዘገባው ርእስ ላይ «ልዩ ትዕይንት» ብቻ አለው። ከ17 ሰዓት በላይ ቆይቶ ምድርን ከባድ የመግነጢስ ማዕበል መታት፤ የቴሌግራፍ መስመሮችም ታወኩ።

ብርሃን ከፀሐይ በ8 ደቂቃ ይደርሳል። ያን ያህል ሰዓት የፈጀው ሌላ መንገደኛ ነበር፦ ከኮሮና ተስፈንጥሮ የወጣ፣ መግነጢሱን የተሸከመ ጋዝ፣ ክብደቱ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር። በሳተላይት መጀመሪያ የታየው በ1971 ስለሆነ ስሙም ዘገየ፤ እስከዚያ ጥፋቱ ሁሉ በፍሌር ላይ ይላከክ ነበር። ተመራማሪው ጃክ ጎስሊንግ በ1993 «የፀሐይ ፍሌር ተረት» በሚል ርእስ መሞገቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁለቱ የአንድ ምንጭ ልጆች ናቸው። የተጠማዘዙ የመግነጢስ መስመሮች ተበጥሰው እንደገና ሲጋጠሙ የታመቀው ኃይል ይለቀቃል፤ ከፊሉ ብርሃንና ኤክስሬይ ይሆናል፣ ከፊሉ ጋዙን ይወረውራል። ታላላቆቹ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፣ ግን ግዴታ የለባቸውም።

የእኛ ዜና ሁለቱንም «የፀሐይ ፍንዳታ» ብሎ ያልፋል። እምቡጥም ቁስልም ይፈነዳል፤ ቃሉ ታፍኖ የቆየ ነገር ሽፋኑን ጥሶ ሲወጣ ነው የሚያምርበት። ስለዚህ ለጋዙ ይሁን። ለፍሌር «ቦግታ» ይሻለኛል። በኦክቶበር 2014 አንድ ግዙፍ ጥቁር ነጥብ ከፍተኛው የኤክስ ደረጃ የሚሰጣቸውን ስድስት ፍሌሮች ሲያከታትል ከአንዳቸውም ጋር ይህ ነው የሚባል ጋዝ አልወጣም፤ ከላዩ የጎበጠው ጠንካራ መግነጢስ አፍኖ ይዞት ነበር። በዜናው አነጋገር ግን ያም ስድስት ፍንዳታ ነው።