ሜጋ ዋቱና ወፍጮው

የዛሬው ወጌ ስለ መብራት ነው።

ዓባይ ጎጃምን ከቦ ይፈሳል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጢስ ዓባይ ላይ ኃይል ማመንጨት ጀመረና የባሕር ዳርን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንቀሳቀሰ። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ሕዝቡ ከጉሮሮው ነጥቆ ያዋጣበት ነውና ደስታው እውነተኛ ነበር።

አሁን እዚያው ጎጃም ወዳለችው ሮብ ገበያ ልውሰዳችሁ። በገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የጤፍና የበቆሎ ጆንያ ተደርድሯል። ባለ ወፍጮው ማብሪያውን ይጫናል፤ ሞተሩ መዞር አቅቶት ያጓራል። ሰውዬው ፈጥኖ ያጠፋዋል።

“እማማ፣ አይጠብቁ። አንድ ፌዝ የለም።”

“አምፖሉ በርቶ የለም እንዴ ልጄ?”

“አምፖሉማ ይበራል፤ ወፍጮውን ግን አይችልም።”

እውነቱን ነው። የወፍጮ ሞተር ሦስቱንም ፌዝ ይፈልጋል። አንዱ ቀርቶበት ከቆየ ይነዳል፤ እሱን ማስጠቅለል ደግሞ ለባለቤቱ ትልቅ ዕዳ ነው። እናትየው ወይ ጆንያውን አደራ ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፣ ወይ ዋጋው ወደሚወደደው የናፍጣ ወፍጮ ይሄዳሉ። ቀና ብላችሁ ብታዩ ጥፋቱ ከምሰሶው ጫፍ ላይ ይታያል፤ ፊውዙ ተቃጥሎ ዘንጉ ተገልብጦ ተንጠልጥሏል። መንደሩ ሁሉ ያየዋል፤ የመስመር ሠራተኛ ካልደረሰ ግን ማንም አይነካውም።

ታዲያ ያ ሁሉ ሜጋ ዋት የት ቀረ? ከግድቡ በ500 እና በ400 ኪሎ ቮልት ይወጣል፤ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ እየወረደ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት ወደ ገጠር ከተሞች ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ይህ መስመር ብዙ ጊዜ በእንጨት ምሰሶ ላይ ሜዳውንና ሸለቆውን ያቋርጣል፤ ምስጥ ምሰሶውን ይበላዋል፣ የክረምት መብረቅ ይመታዋል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይወድቅበታል። ኃይል የሚያገኘው ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ መሐል ላይ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር በሙሉ ይጨልማል። ከሌላ ወገንም ቢገናኝ ኖሮ የተጎዳው ቁራጭ ብቻ ተለይቶ ሌላው በበራ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ መንገድ የሚዘጋበት ቀን በዝቷል፤ መንገድ ከተዘጋ ጥገናም የለም።

የመብራት ፈረቃውን ታስታውሳላችሁ? ግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀነሰና አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎደላት ተባለ። ከፋን፤ ግን ፈረቃ ሰዓት ነበረው። ባለ ወፍጮው በተራው ቀን ይፈጫል፣ ፀጉር አስተካካዩም በተራው ይሠራል። ድንገት የሚሄድ መብራት ግን ቀጠሮ የለውም። ለእኔ ከማነሱ ይልቅ ይህ ይብሳል፤ ሰው ያነሰውን ያብቃቃል፣ የማያውቀውን ግን ሊያቅድለት አይችልም።

በ2006 ዓ.ም. መብራት ኃይል ለሁለት ተከፈለ፤ ማመንጨቱና ከፍተኛው መስመር ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ እስከ ቆጣሪው ያለው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም አወጣ፤ ለሁሉም ማዳረስ ነበር ግቡ። መልካም ግብ ነው። ነገር ግን የገባለትን ከተማ መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ ከገባ በኋላ ስንት ሰዓት እንደበራ መቁጠር ሌላ። በብዙ አገር አንድ ደንበኛ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት እንደተቋረጠበት ተቆጥሮ በይፋ ይወጣል።

እኛም እንቁጠር። እንደ ቢቸናና ሞጣ ላሉ የጎጃም ከተሞች መጠባበቂያ ትራንስፎርመር ቅርብ ይቀመጥ፤ የበሰበሰው ምሰሶ በኮንክሪት ይተካ፤ ለጥገና የሚዘጋ መስመር ካለ ሕዝቡ በዋዜማው ይነገረው። የሮብ ገበያ የጨለማ ሰዓትም በየወሩ ተመዝግቦ በኤሌክትሪፊኬሽን ዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፣ ከሜጋ ዋቱ በፊት።