ከሐውዜን እስከ ዓዲ ሓቂ፦ ያልታከመው ቁስል

ትግራይ ከሰማይ የሚወርድን ሞት ያወቀችው በአንድ ትውልድ ብቻ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የቀዳማይ ወያኔን ዐመፅ ለመደምሰስ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የደርግ አየር ኃይል የሐውዜንን ገበያ አነደደ። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላን በመቀሌ አይደር ትምህርት ቤት ላይ ክላስተር ቦምብ ጣለ። መስከረም 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ፣ የእንቁጣጣሽ አበባ ሳይጠወልግ፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የዓዲ ሓቂ ግቢ በድሮን መመታቱን የክልሉ ባለሥልጣናት አስታወቁ።

የሞቱትን እንቆጥራለን፤ በቁጥሩም እንጣላለን። የተረፉትንስ? አውሮፕላን በሰማ ቁጥር የሚርበተበተው፣ ሌሊት እየባነነ የሚያድረው፣ ገበያ መውጣት የተወው ሰው «መንፈስ ነው» አለዚያም «ጊዜ ይፈውሰዋል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ የእኛ ብቻ ስንፍና አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አእምሯቸው የቆሰለ የእንግሊዝ ወታደሮች ነበሩ፤ ከእነርሱም «ከዳ፣ ፈራ» ተብለው የተረሸኑ አሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ድኅረ አደጋ ሰቀቀንን በሕመም መዝገባቸው ያሰፈሩት ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ሕመሙ ግን ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኡጋንዳ የወጣ ጥናት 43 ሱዳናውያን ስደተኞችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን በመተረክ ከታከሙት ውስጥ ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 በመቶው ሲሆኑ፣ ማጽናኛ ምክር ብቻ ካገኙት 79 በመቶው፣ ስለ ሕመሙ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 80 በመቶው ገና ታማሚ ነበሩ። ለመሆኑ የሚደረገው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ የሰውየው ዕድሜ ነው። ለደጉ ቀን አበባ፣ ለክፉው ቀን ድንጋይ ይቀመጥበታል። ከዚያ ሐኪሙ በየድንጋዩ እየቆመ ይጠይቃል፤ ቀኑ መቼ ነበር? የት ቆመህ ነበር? ምን ሸተተህ? አሁን ስትናገረው ሰውነትህ ምን ይልሃል? የሰቀቀን ትዝታ ቀንና ቦታ የለውም፤ የዛሬ ሦስት ዓመቱ ፍንዳታ አሁን የሚፈነዳ ይመስላል። ተርኮ ተርኮ ቀኑንና ቦታውን ሲያገኝለት፣ ትዝታው ባይጠፋም ያለፈ ነገር ይሆናል። (ፀበሉን ተው የሚል የለም፤ ፀበሉና ሐኪሙ አይጣሉም።)

አይደር ሪፈራል ሆስፒታል የቆመው ያ ትምህርት ቤት በተደበደበበት ሰፈር ነው። በጦርነቱ ዘመን ግን መድኃኒት ያለቀበት፣ ሐኪሞቹ ለወራት ያለ ደመወዝ የሠሩበት ቤት ሆነ። ከጥቃት የተረፉ ሴቶችን ያስተናገደውም እርሱው ነበር። የአማራና የአፋር የጦርነት ቀጣናዎችም ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኙም።

«ሐኪም የለንም» የሚለው ምክንያት በከፊል እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን በዚያችው ኡጋንዳ፣ በኋላ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ሩዋንዳውያንና ሶማሌዎችን ያከሙት ከስደተኞቹ መካከል ተመልምለው በባለሙያ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። በዓዲ ሓቂም መምህራን፣ ነርሶች፣ ሥራ ያጡ ምሩቃን አሉ። የጎደለው አሠልጣኝና በጀት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐኪሙ «ያ ቀን አልፏል» ሲል ውሸታም የማያደርገው ሰላም። ይህን የመጨረሻውን ሆስፒታል አይሰጠውም፤ በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈረሙት ወገኖች ናቸው የሚጠየቁበት።