በስድስት ፓውንድና በወንድ ስም

ስልኩ ይጮኻል። አጠገቧ ሕፃን ያለቅሳል። ሴትየዋ ቶሎ ብላ ቴፑን ትከፍታለች፤ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ስልኩን ታነሳለች። ደንበኛው ትልቅ ቢሮ የደወለ ይመስለዋል። እሷ ግን እቤቷ ነች!

ስቴፋኒ ሸርሊ ትባላለች። የተወለደችው ጀርመን ውስጥ ነው። አባቷ አይሁዳዊ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ገና የ5 ዓመት ልጅ ሳለች ከእህቷ ጋር ያለ ወላጅ በባቡር ወደ እንግሊዝ ተላከች። አድጋ በፖስታ ቤቱ የምርምር ጣቢያ በኮምፒውተር ሙያ ሠራች። በ1962 ደግሞ በ6 ፓውንድ የራሷን የፕሮግራም ሥራ ድርጅት ከፈተች።

ሰዉ ሳቀባት። ያኔ ፕሮግራም ከማሽኑ ጋር በነፃ የሚሰጥ ነገር ነበራ! ማን ገንዘብ ይከፍልበታል? ለኩባንያዎች የጻፈቻቸው ደብዳቤዎችም መልስ አላገኙም። ባሏ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ «ስቲቭ» ብለሽ ፈርሚ። ፈረመች፤ መልስ መምጣት ጀመረ።

ግን ኮምፒውተር አንድ ክፍል በሚሞላበት ዘመን እንዴት እቤት ተሁኖ ይሠራል? ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም በመጀመሪያ የሚጻፈው በእርሳስ፣ ወረቀት ላይ ነበር። ወደ ካርድ ወይም ወደ ወረቀት ጥቅል በቀዳዳ መልክ የሚገለበጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለፕሮግራመሯ የሚያስፈልጋት ጭንቅላቷ፣ ስልክና ፖስታ ብቻ ነው። በጊዜው በእንግሊዝ ብዙ ሴት ስታገባ ወይም ስትወልድ ሥራ ታቆም ነበር፤ ሙያዋም አብሯት እቤት ይቀራል። ሸርሊ የቀጠረችው እነዚህን ነው። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ከድምፅ ፈጥኖ ይበር የነበረውን የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መቅጃ ፕሮግራም የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ያውም እቤታቸው ሆነው።

እኔን የሚያስቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1975 ብሪታንያ በፆታ ማዳላትን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ለሴቶች ይጠቅማል ተብሎ የወጣ ቢሆንም፣ ሴቶችን መርጦ የሚቀጥረውን የሸርሊን ድርጅት ወንዶችንም እንዲያስገባ አስገደደው።

ሸርሊ ከራሷ ድርሻ እየቀነሰች ለሠራተኞቿ ታካፍል ነበር። በ1996 ኩባንያው ወደ አክሲዮን ገበያ ሲገባ 70 ሠራተኞች ሚሊየነር ሆኑ። «ስቲቭ» የሚለው ስም ደግሞ ከደብዳቤው ወጥቶ ተለጠፈባት፤ ጓደኞቿ ሳይቀሩ የሚጠሯት በዚያው ነበር።